የዘመኑን በር ማን ዘጋው?

«የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» የሚለው አባባል በየመድረኩና በየጽሑፉ ሥር ከሰደደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በፈረንሣይ አገር መታተም የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ይህንን ዘመን በመጀመሪያው ቅጹ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ብሎ ከለለው። ጅማሬው አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ያቋቋመበት ዓመት ነው። ስብስቡ በየጓዳው አቧራ ይጠጡ የነበሩ ሸክላዎችን ለዓለም ጆሮ አድርሷልና ውለታውን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን የሰውየው አጥር የሰውየው ነው፤ እኛ ያንኑ አጥር እንዳለ ተቀብለን፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እንደ ጨለማ ቆጥረን ለተማሪዎቻችን ማስተማራችን የራሳችን ጥፋት እንጂ የአሳታሚው አይደለም። ይህ ጽሑፍ አጥሩን ይቃወማል። ማስረጃው አንድ ዓመትና አንድ ሸክላ ነው።

ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1977 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1969 እና 1970 ዓ.ም. ይጋሩታል። ሸክላው የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ነው። ስሙ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያስፈነጥርበት ቃል ነው። ሥራው በአመዛኙ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ የተቀነባበረ ሲሆን፣ የኃይሉ ኦርጋን ይመራዋል፤ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ይሳተፍበታል፤ ኋላ በውጭ አገር ባንዶች ተደጋግሞ የተጫወተው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት»ም የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው። እንግዲህ ወርቃማው ዘመን በ1975 ካበቃ፣ ይህ ሥራ ከየት መጣ?

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ካራ የዛሬዋ ካራ አልነበረችም፤ ከኮተቤ ወዲያ ያለው አገር ባሕር ዛፍና የእርሻ ማሳ ነበር፤ ገበያተኛው በፈረስና በአህያ ይመላለስ ነበር። አንድ የልብ ጓደኛ ነበረኝ። ይህንን ሸክላ ከዘመዶቹ ቤት በካሴት ቀድቶ አመጣና፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ከዳገቱ ሥር ተቀምጠን ድምፁን ዝቅ አድርገን እናዳምጥ ነበር። በዚያ ወራት ቃል ያስጠይቃል፤ መጽሐፍ ያስጠይቃል፤ ደብተር ያስጠይቃል። ያ ሙዚቃ ግን ቃል አልነበረውም። ስለዚህ የልባችንን ሁሉ በእሱ ላይ አኖርነው።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ጓደኛዬን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እናቱ እንደ ብዙ እናቶች ሁሉ የልጃቸውን መጻሕፍትና ወረቀቶች በምድጃ ሲያቃጥሉ ደረስሁ። ካሴቱን አገላብጠው አዩና፣ «እንካ ልጄ፣ ይኸስ ጽሑፍ የለበትም» ብለው ሰጡኝ። እውነትም ልጁ አስቦበት ኖሮ በካሴቱ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አልጻፈም ነበር።

ይህን ስናገር ከሁለት ወገን ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው ወገን፣ «ወጣቱ በቀይ ሽብር ሲያልቅ፣ በኦጋዴን ጦር ሲማገድ፣ ስለ ዳንስ ሙዚቃ ማውራት ነውር አይደለምን?» ይላል። ነውር አይደለም። ዋልያሶች በሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት በሩ ተዘግቶ ታዳሚው እስኪነጋ ሲጨፍር ያድር ነበር። ያ ዳንስና ያ ለቅሶ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሌሊት የሆኑ ነገሮች ናቸው። አንዱን ጽፎ ሌላውን የሚተው ሰው የጻፈው ታሪክ ሳይሆን ግማሽ ታሪክ ነው። ዳንሱን ብቻ የሚያነሣም ሰው እንደዚሁ ይጠየቃል፤ ጓደኛዬ የሌለበት «ወርቃማ ዘመን» ለእኔ ወርቅ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የግል ትዝታ ለጥናት አይሆንም» ይላል። እንዲህ ከሆነ ለጥናት የሚሆነውን ማን ሊጽፈው ነው? ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲበተን፣ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀርቶ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖሯል። «ቼ በለው»ን እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ያሳተመው አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ነው። እኔም ሠላሳ ሰባት ዓመት በጆሮዬ የማውቃቸውን ተጫዋቾች በስም ያወቅሁት ከዚያ እትም ሽፋን ላይ አንብቤ ነው። የካሴቱን ባዶነት ፍርሃት አመጣው እንበል። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ የቆየው ባዶነት ግን የማን ነው? የእኛ የስንፍናችን ነው።

ትዝታ ሲባል እንዲሁ መቃተት አይደለም። ሸክላው በየትኛው ዓመት ወጣ፤ ማን በየትኛው መሣሪያ ተጫወተ፤ በየትኛው ሰፈር፣ በምን ዓይነት ቴፕ፣ ከማን ጋር ተደመጠ፤ አብረው ካዳመጡት መካከል ማን ቀረ፤ ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። የስልክ ማኅደር ደግሞ ዛሬ ይህንን ማስረጃ እየበተነው ነው፤ ዘፈኑ ያለ ዓመቱ፣ ያለ ተጫዋቾቹ፣ ያለ ሽፋኑ ነጠላ ነጠላውን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ አያቶቻቸው ላኩና አንድ ዓመት፣ አንድ ሸክላ፣ አንድ ትዝታ አስጽፏቸው። የኪነት ባለሙያዎች ሆይ፣ ዛሬ በምታወጡት ሥራ ላይ ከበሮ መቺውን ሳይቀር በስሙ ጥቀሱት። በባህል ሥራ ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በዓል ሲደርስ ስለ ቅርስ ከመናገር በፊት የተሰበሰበውን ሸክላና ካሴት በስምና በዓመት መዝግቡት።

ያ ካሴት ዛሬም በእጄ ነው፤ ቴፑ ስለላላ ከእንግዲህ አይጫወትም። ባለፈው ሰሞን እስክሪብቶ አንሥቼ የሸክላውን ስም፣ ዓመቱን፣ ተጫዋቾቹን በላዩ ጻፍሁበት። ከሥሩም የጓደኛዬን ስም ጨመርሁ።