የአክሊሉ ሀብተወልድ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመንና የተጠሪነት ጥያቄ

ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. በቆየው የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመናቸው የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ በኃላፊነት መርተዋል። ሆኖም ይህ ኃላፊነት ምን ያህል ሥልጣን ይዞ እንደነበር ሲመረመር የሚገኘው ምላሽ የተለየ ነው።

አክሊሉ የተወለዱት ከመሳፍንት ወገን ሳይሆን ከቤተ ክህነት ሰው ከአለቃ ሀብተወልድ ሀብተነህ ነበር። በአሌክሳንድርያና በፓሪስ ተምረው፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን በፓሪስ ሆነው የአገራቸውን ጉዳይ ሲከታተሉ ቆይተዋል። በ1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ነበሩ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነው የኅዳር 1943 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ድርጅት ውሳኔም ለዓመታት የደከሙበት ጉዳይ ነበር። በውጭ ጉዳይ መስክ የተሰጣቸው ተልእኮ ግልጽ፣ ዘውዱም ከጀርባቸው የቆመ ስለነበር ውጤት ለማስመዝገብ ችለዋል።

በአገር ውስጥ ግን ሁኔታው ሌላ መልክ ነበረው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የመሾምና የመሻር ሥልጣንን ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ሚኒስትር በግል ተጠያቂ የሚያደርገውም ለንጉሠ ነገሥቱና ለመንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወንድማቸው መኰንን ሀብተወልድና የሚኒስትሮች ምክር ቤት መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ ከተገደሉ በኋላ አክሊሉ ቦታውን ሲረከቡ ይህ አሠራር አልተለወጠም። በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡት ሕጎች ግርጌ የእርሳቸው ስም ይታተም እንጂ፣ ሚኒስትሮች ጉዳያቸውን በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ማቅረባቸውን ቀጥለው ነበር።

በመጋቢት 1958 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ይህን ያቃናል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። በዚህም መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የካቢኔ አባላትን መርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንዲያቀርብ ተደረገ። እርምጃው ቀላል ባይሆንም የመጨረሻው ቃል በዘውዱ እጅ ስለቀረ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመረጣቸውን ሚኒስትሮች በእርሱ ዘንድ ብቻ ተጠሪ ሊያደርግ አልቻለም። ፓርላማውም ቢሆን ለካቢኔው ድጋፍ የሚሆን ኃይል አልነበረም። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ረቂቅ አዋጅ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ ሳይጸድቅ የቀረው ባለመሬቶች በተቀመጡበት በዚሁ ሸንጎ ነው። ለዚህ አክሊሉም ከወቀሳ ነጻ ናቸው ማለት አይቻልም፤ አሠራሩን እያወቁ አሥራ ሦስት ዓመት በሥልጣን ላይ ቆይተዋልና።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ያስነሳው የመምህራን ተቃውሞና የነገሌ ቦረና የሠራዊት አመፅ ተደራርበው ሲመጡ ካቢኔው በየካቲት ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ተተኪው ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ የሚያደርግ ሕገ መንግሥት እንዲረቀቅ ቢያስጀምሩም፣ ሥራው ፍሬ ሳያፈራ እርሳቸውም ታሰሩ።

በዘውድ ሥር ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌላ መደገፊያ ሲኖረው ምን እንደሚሆን በፓስፊክ ውቅያኖስ ከምትገኘው ትንሿ የደሴት ንጉሣዊ አገር ቶንጋ መመልከት ይቻላል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ማሻሻያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ፓርላማው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረጡት አኪሊሲ ፖሂቫ፣ ንጉሡ በ2017 ፓርላማውን ሲበትኑ ወደ መራጩ ሕዝብ ሄደው በዚያው ዓመት ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። በ2019 ሕይወታቸው ያለፈውም በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። ለአክሊሉ ግን የሚመለሱበት መራጭም ሆነ የራሳቸው የሆነ ፓርቲ አልነበረም።

አክሊሉ በእስር ላይ ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት ቃል በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» በሚል ርዕስ ታትሟል። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተተኪያቸው ከእንዳልካቸው፣ ከወንድማቸው ከአካለወርቅና ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተረሸኑ። የሟቾቹ አፅም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።