ስድስት ፊደል የገደበው ስም

ከቀደምት የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱ «አድቬንት» በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ የምዕራባውያንን የገና ዋዜማ ሳምንታት ያስታውሳል፤ ነገሩ ግን ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም። ዊል ክራውዘር የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያና ዋሻ አሳሽ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የኬንታኪውን ማሞዝ ዋሻ መነሻ አድርጎ ለሴት ልጆቹ የጻፈው ነው። ዶን ዉድስ ደግሞ በ1977 አስፋፋው። ሥዕል የለውም፤ ተጫዋቹ በቃል ያዝዛል፣ ማሽኑም በቃል ይመልሳል።

ሙሉ ስሙ «አድቬንቸር» ሲሆን በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ፊደል ነው። ፒዲፒ-10 የተባለው ኮምፒውተር ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 36 ቢት ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል 6 ቢት ከተሰጠ የፋይል ስም ከስድስት ፊደል ሊያልፍ አይችልም። ሦስቱ ተቆረጡ፤ ቁራጩም መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ይህን በክፍል ባነሣሁ ቁጥር የትውልድ ከተማዬ ባቱ ትታወሰኛለች። በ6 ቢት የሚለዩት ምልክቶች 64 ብቻ ናቸው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሆሄያቸው 231 ስለሚሆኑ 8 ቢት ይጠይቃሉ፤ በ36 ቢትም አራት ፊደል ብቻ ይገባል። «ባቱ» ሁለት፣ የቀድሞ ስሟ «ዝዋይ» ሦስት፣ «ሻሸመኔ» አራት፤ ሁሉም ይተርፋሉ! ባቱ በቁቤ ስትጻፍ አናባቢዎቿ ስለሚደገሙ ልክ ስድስት ትሆናለች። በላቲን ፊደል ግን ሻሸመኔ ወገቧ ላይ ትቆረጣለች።

ዛሬ የቢት ችግር የለም፤ የመቁረጥ ልማዱ ግን አለ። ዝዋይ ሐይቅ በጥናቶች ውስጥ በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ በኦሮምኛ ስሙ ደምበል የሚጠሩትም አሉ። አንድ ተማሪዬ የሐይቁን የውኃ ከፍታ መዛግብት በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ፣ የቀሩትን ሳያይ ድምዳሜ ላይ ሊደርስ ነበር። እኔም ረቂቁን ሳነብ አላስተዋልሁም፤ የነቃሁት የልኬቱ ዓመታት ዘለው ሳገኛቸው ነው።

ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 ካካተተ ወዲህ የማሽን አቅም ሰበብ አይሆነንም። የምርምር መዝገብ ሁሉ የቦታውን ስም በፊደልና በቁቤ፣ ከኬክሮስና ኬንትሮሱ ጋር ይያዝ እላለሁ። ላቲኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ይህን ያላሟላ የላቦራቶሪ ዘገባ ከእጄ አይቀበልም፤ ተማሪዎቼ ከወዲሁ ይወቁት።