አርሰናል የእናንተ፣ ንግድ ባንክ የማን?

እስቲ ቅዳሜ ከሰዓት መስቀል ፍላወር ኳስ ከሚያሳዩት ቤቶች ወደ አንዱ ግቡና ጠይቁ። የአርሰናል ተቀያሪ ግብ ጠባቂ ማነው? በሦስት ሰከንድ ይመለስላችኋል። ቀጥላችሁ ደግሞ በ2016 ክረምት የሴካፋን ዞን አሸንፎ ለአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ሞሮኮ የሄደው የአዲስ አበባ ቡድን ማነው በሉ። መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ ደፋር “ጊዮርጊስ?” ይላችኋል።

ጊዮርጊስ አይደለም። ቡናም አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ነው!

ታሪኩ ደግሞ ለፊልም የሚሆን ነው። በ2013 ኬንያ ላይ ለፍጻሜ ደርሰው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2015 ዑጋንዳ ላይ እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፤ የታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደባቸው። ነሐሴ 29 ቀን 2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ። በኅዳር 2017 ሞሮኮ ላይ ከአፍሪካ ስምንት ክለቦች አንዱ ሆነው ተሰለፉ። ከምድባቸው አላለፉም። ግን እዚያ ደርሰዋል።

“የሴቶች ኳስ ጥራት የለውም” የምትሉ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የዚሁ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2016 ከታች አድጎ በዓመቱ የፕሪምየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ይገባዋል። መስከረም 2017 ላይ ግን ያንጋ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0 አሸንፎ አሰናበተው። ይህን የማነሣው ልሳለቅ ብዬ አይደለም። መለኪያው ጥራት ከሆነ ለሁለቱም እኩል ይሁን ለማለት ነው። ደግሞም የወንዶቹ ቡድን በ2009 ከሊጉ ወርዶ ሲፈርስ፣ የክለቡን ስም ሜዳ ላይ ይዘው የቆዩት እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

ሁለተኛው ሰበብ “ተመልካች የለውም” የሚለው ነው። ይህን የሚሉት በአብዛኛው የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ግን ከመካከላችን የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ የተወለደ አለ? የለም። ጠዋት ማታ ኤፍኤሙን ከፍተን ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ጉዳቱ፣ ስለ አሰልጣኙ ኩርፊያ እየሰማን ነው ደጋፊ የሆንነው። ፍቅሩን የፈጠረው ወሬው ነው። የሴቶቹ ጨዋታ መቼና የት እንደሆነ እንኳ ሳይነገር “ሰው አልመጣም” ማለት፣ ሳይጠሩት የቀረውን እንግዳ እንደ መውቀስ ነው። ሎዛ አበራ በ2012 ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወት ሁላችንም “የእኛ ልጅ” አልን። የእኛ ልጅ ለመባል የግድ ቦሌ አየር ማረፊያን ማለፍ አለባት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጆች፣ ከሁለት ሰዓቱ ላይ አምስት ደቂቃ ስጡ፤ የጨዋታውን ቀን፣ ሜዳውንና ውጤቱን ተናገሩ። እናንተ ደግሞ በወር አንድ ቀን ከስክሪኑ ፊት ተነሡና ስታዲየም ግቡ።

አርሰናልን ተዉ አላልኩም። ግን መድፈኞቹ ያለ እናንተም ስታዲየማቸው ይሞላል። የእኛዎቹን ግን ያለ እናንተ የሚጠብቃቸው ባዶ ወንበር ነው።