የተበሳው ጠገራ

በጌዴኦ ዞን የሚገኝ አሮጌ ብር መጤ ነው። አካባቢው በቡናው እንጂ በብር ማዕድን አይታወቅም። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው ዲላ የገነነችው በቡና ገበያነቷ ሲሆን፣ የወረቀት ገንዘብ እስኪለመድ ድረስ በደቡቡ የሀገሪቱ ክፍል የሚታመነው ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። ስለዚህ እዚህ ብር የሚሰበስብ ሰው እጅ የሚገባው በአብዛኛው ጠገራው ራሱ ወይም ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ጌጥ ነው። የዓለም አቀፍ ካታሎጎች ደንብ ግን የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ገንዘብ ዋጋው ይወድቃል ይላል። ደንቡ ለዚህ አካባቢ አይበጅም፤ ቀዳዳው ራሱ የታሪኩ ማስረጃ ነውና።

ጠገራ የሚባለው የኦስትሪያዋ ገዥ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ለዘመቱበት ጦር ወጪ የሚሆነውን በብዛት በቪየና አስመትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ወረራዋን ስታዘጋጅ የመምቻ ማኅተሙን ከኦስትሪያ አግኝታ ሮም ላይ መታች፤ በማግስቱ ዓመት ለንደንም ተከተለች። «የ1780 ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ እንግዲህ አልዋሸም፤ ስለ ዕድሜው ግን ምንም አልተናገረም።

ለመለየት የሚጀመረው ከክብደቱ ነው። ያልተነካ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር በመሆኑ 23.39 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለበት። የቀድሞ ነጋዴዎች ደግሞ ዓይናቸውን ይጠቀሙ ነበር፦ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ሞላላ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፣ ከምስሉ ሥር ያሉትን «ኤስ ኤፍ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያያሉ። በሻጋታ የፈሰሰ አስመሳይ አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ይጋለጣል፤ በእውነተኛው ጠርዝ ላይ ጎላ ብሎ የወጣው የላቲን ጽሑፍ በእሱ ላይ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይኖርም።

የተበሳው ላይ ሲደረስ ክብደት ብቻውን ያሳስታል፤ ቀዳዳው ይቀንሳል፣ ብየዳው ይጨምራል። እዚህ የሚያዋጣው የውሃ ሚዛን ነው። ገንዘቡ በአየር ይመዘናል፤ ቀጥሎ በክር ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ይመዘናል፤ የመጀመሪያው ክብደት በጠፋው ክብደት ሲካፈል 10.2 አካባቢ መውጣት አለበት። ኒኬልና መዳብ የተቀላቀለበት አስመሳይ ከ9 በታች ይቀራል። ማግኔት አልሳበውም ማለት ብር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብና ነሐስም አይሳቡምና። አሲድ የሚያንጠባጥብ ሰው ደግሞ መልሱን ቢያገኝም ዕቃውን ያጠፋል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ባለ አንበሳ ብር በክብደትም በጥራትም ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነው። ሆኖም ገበያው ከለመደው ከንግሥቲቱ ምስል አልላቀቅ አለ። አላዱ (ግማሹ)፣ ሩቡና ግርሹም የዚያው የምኒልክ ብር ቤተሰብ ናቸው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራ ሕጋዊነቱን አጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአንጥረኛ ማቅለጫ ሲሳይ ሆነ። መስቀሉ፣ አምባሩ፣ ድሪው፣ በአንገት የሚንጠለጠለው የኩክ ማውጫ ብዙ ጊዜ ከእሱ የወጡ ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከዲላ ገበያ የተገዛ የብር መስቀል የጌዴኦ ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ከሰሜን ከመጣ ሰፋሪ ጋር የገባ ሊሆን ይችላል። የተገዛበት ቦታና የተሠራበት ቦታ በመዝገብ ላይ ተለያይተው መጻፍ አለባቸው።

ቀዳዳው የሚነበብ ነገር አለው። ክብነቱን የጠበቀና ጠርዙ የሚቧጥጥ ከሆነ ትናንት የተበሳ ነው፤ ክሩ ወደ ላይ በልቶት ሞላላ ሆኖ ከተገኘ ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሏል። ከሁለቱ ገጾች ይበልጥ ተፍቆ ያለቀው ከቆዳና ከልብስ ጋር ሲፋተግ የኖረው ሳይሆን አይቀርም፤ የጌጡ ባለቤት ለሰው ማሳየት የፈለገችው የትኛውን ምስል እንደነበር ከዚያ ይገመታል። ማንጠልጠያው በብር የተበየደ ከሆነ የአንጥረኛ ሥራ ነው፤ በቆርቆሮ ከሆነ ግን የቤት ጥገና መሆኑ ይገመታል። ለእነዚህ ምልክቶች ሲባል የተከፈለ ገንዘብ ለብሩ ክብደት ከሚከፈለው ቢበልጥ አያስገርምም። አቅልጦ የሚሸጥ ሰው ክብደቱን በ0.833 አባዝቶ በዕለቱ የብር ዋጋ ያሰላል፤ ያ ሂሳብ ትክክል ቢሆንም የዕቃውን ዝቅተኛ ዋጋ እንጂ ሙሉ ዋጋውን አይነግርም።

ይህን ማስረጃ ፈጥኖ የሚያጠፋው ማጠብ ነው። ብርን የሚያጠቁረው ከአየር ድኝ ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፤ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ከሽፋኑ ጋር የብሩ ገጽታም ይነሣል፣ የቀዳዳው ዳርም ይለወጣል። ለስላሳ ጨርቅና ደረቅ ቦታ ይበቃሉ፤ ዲላ ዝናብ የሚበዛባት ስለሆነች ዕቃው በእርጥብ ካርቶን ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ግዢው ሕግም አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አንድ ጌጥ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን መወሰን የሻጩም የሰብሳቢውም ሥልጣን አይደለም። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ አስቀድሞ ለቅርስ መሥሪያ ቤቱ መታየት አለበት፤ የክብደት ወረቀት፣ የሁለቱ ገጾችና የጠርዙ ፎቶ፣ ከማን ቤት እንደመጣ የሚገልጽ ጥቂት መስመር አብሮ ከቀረበ ውሳኔው ይቀላል።