በተሰረቀ ቁልፍ የተቆለፈ ባክአፕ፣ ባክአፕ አይደለም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በየጥገና ቤቱ «ፎርማት ይደረግልኝ»፣ «ወደ 11 ይቀየርልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ዊንጌትም ከዚህ አይለይም። በጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅና በጳውሎስ ሆስፒታል ዙሪያ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቱም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ተማሪም እንጀራቸው ያለው በአንድ ያረጀ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ቴክኒሻኑ «ባክአፕ አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ይታወቃል፤ «አዎ፣ ዲ ላይ አስቀምጫለሁ»። በአብዛኛው ኮምፒውተር ግን ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ይህ ገንዘብን ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ አዛውሮ «ባንክ አስገባሁ» እንደማለት ነው።

ትንሽ የተሻለ ጠንቃቃ ደግሞ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ሊበቃ ይችላል። ለሒሳብ ሠራተኛው ግን አይበቃም። ፒችትሪ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም እዚህ አገር ብዙ ድርጅት መዝገቡን የሚይዘው በ2010ሩ ፒችትሪ ነው። የመጫኛው ሲዲ ጠፍቷል፣ የጫነው ባለሙያ ስልክ ቀይሯል፣ የምዝገባ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት የት እንደገባ አይታወቅም። ዳታው ተርፎ ፕሮግራሙ ከሞተ፣ ቤቱ ተቃጥሎ የበሩ ቁልፍ ብቻ እንደመትረፍ ነው። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ግብር ከፋዩ ሰነዱን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» የሚል መልስ ከዚህ ግዴታ አያድንም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው የዲስኩ ሙሉ ምስል ነው። ዊንዶውሱ፣ ፒችትሪው፣ ፓወር ግዕዙ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ሰነዱ፣ ሁሉም እንዳለ በአንድ ጊዜ ተቀድቶ ሌላ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። የሞተው ዲስክ በአዲስ ሲተካ ምስሉ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩም ትናንት ከቆመበት ይቀጥላል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሳው «በየትኛው ሶፍትዌር?» ሲባል ነው። የተለመደው መልስ ደግሞ የከፋው መልስ ነው፤ «አክሮኒስ ከነክራኩ አለኝ፣ ልጫንልህ»።

አክሮኒስ መጥፎ ሶፍትዌር ስለሆነ አይደለም። ለሚከፍል ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። ችግሩ ክራኩ ነው። ክራክ ማለት ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ሥራውን እንዲሠራ በኮምፒውተሩ ላይ ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉለት ይጠይቃል። ስቶፕ ዲጄቪዩ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዓለም ላይ ተራ ተጠቃሚዎችን ካጠቁት ሁሉ በስፋቱ ከፊት የሚሰለፍ ነው። ዋና መተላለፊያውም ይኸው የክራክና የቁልፍ ማመንጫ ፋይል ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ቫይረስ የሚያድነው ባክአፕ ነው። ባክአፑን ራሱን በክራክ መሥራት በጉን እንዲጠብቅ ቀበሮ መቅጠር ነው።

«ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ ፒችትሪውም ክራክ ነው፤ ባክአፑ ላይ ሲደረስ ጽድቅ ከየት መጣ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያመልጡትም አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መሆኑን ለጊዜው እናቆየውና፣ መልሱ በጥቅም ስሌት ብቻ ግልጽ ነው። የተሰረቀ ኦፊስ ቢበላሽ ምትክ አለው። ባክአፕ ግን የመጨረሻው በር ነው፤ ከእሱ በኋላ ሌላ በር የለም። ደግሞም «ገንዘብ የለኝም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኝ፣ ሥራውን በሚገባ የሚሠራ መሣሪያ አለና።

ሌላው «ከፍለን እንጠቀም» ይላል። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ክፍያው በየዓመቱ ነው፤ በዶላርም ነው፤ ለአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ አይከፍለውም። ኩባንያውም ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የቆዩ ቴክኒሻኖች ሁሉ የሚያውቁት ኖርተን ጎስት እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋረጠ። በዓለም ዙሪያ ሲወደስ የነበረው የማክሪየም ሪፍሌክት ነፃ እትም ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ አበቃ። አክሮኒስ በ2020 እትሙ አዲስ የፋይል ዓይነት ሲያመጣ፣ በአዲሱ የተቀመጠውን ምስል የቀድሞዎቹ እትሞች መክፈት አልቻሉም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የሲስተም ኢሜጅ መሥሪያ እንኳ ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ማሳደጉን ትቶ ወደ ሌሎች ሶፍትዌሮች ሂዱ ብሏል።

ሦስተኛው «ጎግል ድራይቭ አለ» ይላል። ለፎቶና ለሰነድ ይሁን። አንድ መቶ ጊጋባይት የሚሞላ የዲስክ ምስል በሞባይል ዳታ ወደ ላይ ለመጫን የሚያስብ ግን ሒሳቡን አልሠራም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሦስት ሳምንታት ያህል መዘጋቱም የሚረሳ አይደለም። በዚያ ሳምንት ዲስኩ የሞተበት ሰው ደመና ላይ ያለው ባክአፕ ምን ይፈይደዋል? ሲከፈት ኢንተርኔት ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሶፍትዌርስ?

ይህች አገር ለዚህ ጥያቄ ከኮምፒውተር በፊት ጥሩ መልስ ሰጥታ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆና የየገዳማቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማስነሳት ጀመረች። በዓመታት ውስጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተቀዱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጡበት። የዚያ ሥራ ብልሃት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቅጂው ከዋናው ርቆ፣ ባሕር ተሻግሮም ተቀመጠ። ሁለተኛ፣ ማይክሮፊልም ለማንበብ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃል፤ የማንም ኩባንያ ፈቃድ አይጠየቅም።

የዲስክ ምስል መሥሪያም መመረጥ ያለበት በዚህ መመዘኛ ነው። ሰዎች ሶፍትዌር ሲያወዳድሩ የሚጠይቁት ባክአፕ ሲሠራ ምን ያህል ይፈጥናል፣ መልኩ ያምራል ወይ የሚለውን ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ዲስኩ በሞተበት ቀን የሚሆነው ነው። ዶላር ሳይኖር ይመልሳል? ኢንተርኔት ሳይኖር ይመልሳል? ኩባንያው ቢዘጋስ ይመልሳል?

ሦስቱንም የሚያልፉት ክሎንዚላና ሬስኪውዚላ ናቸው። ሁለቱም ነፃና ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው። ፍላሽ ላይ ይጫናሉ፤ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል፤ ዊንዶውሱ ጨርሶ ባይነሳም ሥራቸውን ይሠራሉ። በተለመዱት የዊንዶውስ ዲስኮች ላይ ባዶውን ቦታ ዘለው ዳታ ያለበትን ብቻ ስለሚቀዱ ምስሉ ከዲስኩ መጠን በጣም ያንሳል። አንድ ጊዜ የወረደው ፍላሽ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ምስል ይከፍታል።

እንከን የለባቸውም ማለት ሐሰት ነው። ክሎንዚላ ገጹ ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ምንጭና መድረሻ ዲስክን ያምታታ ሰው ደኅነኛውን ዲስክ በባዶው ሊያጠፋው ይችላል። ለጀማሪ በመዳፊት የሚሠራው ሬስኪውዚላ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሁለቱም በሥራ ሰዓት ኮምፒውተሩን ያስቆማሉ፤ የዛሬውን ለውጥ ብቻ ለይተው መጨመር አይችሉም። ምስሉ የሚመለስበት ዲስክም ከቀድሞው እንዳያንስ ይፈልጋሉ። በየቀኑ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሚቀዳ የሚያስፈልገው ቢሮ የቪም ኤጀንት ነፃ እትም ሊጠቅመው ይችላል። ኮዱ ዝግ መሆኑንና የማክሪየም ዕጣ ሊገጥመው እንደሚችል አውቆ ግን በየጥቂት ወሩ አንድ የክሎንዚላ ወይም የሬስኪውዚላ ምስል በጎን ይያዝ።

ከሶፍትዌሩ ምርጫ ጋር አብረው የሚሄዱ አራት ነገሮች አሉ፦

1. ምስሉ የሚቀመጥበት ኤክስተርናል ዲስክ ሥራው እንዳለቀ ይነቀል። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረሱ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

2. ከፎርማት በፊት ምስል ይወሰድ። ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሸጋገር ሁሉ ይህን ካላደረገ መመለሻ የለውም። ቢትሎከር የበራበት ኮምፒውተር ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

3. ዲስኩ በቁልፍ ይቀመጥ። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የስንት ሰው መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና ውል አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

4. ምስሉ ይሞከር። በሌላ ዲስክ ላይ ተመልሶ ኮምፒውተር ሲያስነሳ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ኃላፊነቱ የቴክኒሻኑ ነው። ደንበኛው አያውቅም፤ የሚታመነው ያው የጥገና ባለሙያው ነው። «ክራክ አለኝ» ማለት የባለሙያ ኩራት ሆኖ የቆየበት ዘመን ማብቃት አለበት። ዊንጌት ቴክኒሻን የሚወጣበት ሰፈር ነው። እዚያም ሆነ በየክልሉ ባሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እያንዳንዱ የአይሲቲ ተመራቂ አንድ የሬስኪውዚላ ፍላሽ ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ የሞተ ዲስክ በእጁ አንድ ጊዜ መልሶ ቢወጣ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሰፈሩ ልማድ ይቀየራል። የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ፍላሽ ዋጋ ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ሞልቷል። ፒችትሪው የጠፋበት ነጋዴና ጽሑፉ የጠፋበት ተማሪ ለቅሶ ሲቀመጡ ሁሉም መካሪ ነው። ምክሩ የሚጠቅመው ዛሬ፣ ዲስኩ ገና በሚሽከረከርበት ሰዓት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።