ከተማን እያሙ በከተማ መኖር

በዛሬው ጊዜ አዲስ አበባን እንደ ማማት የቀለለ ሥራ የለም። በየቢሮው በሻይ ሰዓት፣ በየለቅሶው ድንኳን፣ በየሠርጉ ማዕድ የሚሰማው ነገር አንድ ነው፤ ኑሮው ተወደደ፣ መንገዱ ተጨናነቀ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አላውቅ አለ፣ ወጣቱም እርሻውን እየጣለ ወደ ከተማ ፈለሰ ይባላል። ተናጋሪው በመጨረሻ በረጅሙ ይተነፍስና «ምን አለ ሁሉም በየሀገሩ ቢቀመጥ!» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ይህን ቃል የሚናገረው ሰው ግን፣ ብዙ ጊዜ እንደ ታዘብነው፣ እርሱ ራሱ በየሀገራቸው ከተቀመጡት ወገን አይደለም። ከጎጃም ወይም ከወለጋ፣ ከወሎ ወይም ከከፋ የመጣ ነው፤ ከመጣም በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ያሰበበት ቀን የለም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከከተማይቱ ጋር ሳይሆን ከዚህ ሐሜተኛ ጋር ነው። እርሱም ሩቅ አይደለም፤ ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል ይገኛል።

በመጀመሪያ የከተማይቱን ውለታ ሳንክድ እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የቆላ ንዳድ የማይደርስባት፣ የክረምቷ ዝናብ ቢያስመርር የመስከረም ፀሐይዋ የምትክስ ከተማ ናት። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቴያትር ቤቱ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በእርስዋ ዘንድ ይቀርባል። ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አናስረዝመውም። ሐሜተኛው የማያነሣው ግን ሌላ ውለታ አላት። በገጠር ሰው ምን እንደሚችል ከመጠየቁ በፊት የማን ልጅ እንደ ሆነ ይታወቃል። የሸማኔው ልጅ ሸማኔ፣ የፋቂው ልጅ ፋቂ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ቀጥቃጭ ተብሎ፣ ከማዕድ ተገልሎ፣ ለጋብቻ ሳይታጭ የሚኖርበት መንደር ጥቂት አልነበረም፤ ዛሬም ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም። ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ ሽሮ ሜዳ የገባው ሸማኔ ግን በዚያው በተናቀበት ሙያ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፤ እጁ የሠራውንም ጥለት ባለጠጋዪቱ እመቤት በበዓል ቀን ለብሳ ትኮራበታለች። ከጉራጌ ሀገር መጥቶ በሊስትሮ ሣጥን የጀመረ ልጅ ከዓመታት በኋላ በመርካቶ ባለሱቅ ሆኖ ቢገኝ ማንም አይገረምም። ዕድሜዋ ሳይደርስ ለባል ልትሰጥ የነበረች ልጅ ሌሊት ጠፍታ መጥታ፣ ቀን በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች፣ ሲመሽ ደብተርዋን ይዛ የማታ ትምህርት ቤት ትገባለች። ይህችን ልጅ «ለምን በሀገርሽ አልተቀመጥሽም?» ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ እርስዋ በሀገርዋ ብትቀመጥ ኖሮ ምን ይደርስባት እንደ ነበረ ቆም ብሎ አላሰበም።

እንዲህም ሆኖ፣ አንዲት ከተማ ሀገሩን ሁሉ ወደ ራስዋ የምትስበው በተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በዚህ ነገር የሀገራችን ታሪክ የሚያስገርም ምስክር አለው። ከጎንደር በፊት በነበሩት በብዙዎቹ ዘመናት ነገሥታቱ በአንድ ሥፍራ ረግተው አይቀመጡም ነበር፤ ከተማ ማለትም የንጉሡ ድንኳን የተተከለበት ሰፈር ማለት ነበር። ሰፈሩ የአካባቢውን እህል በልቶ፣ እንጨቱን አንድዶ ሲጨርስ ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። ገበሬው ከተማው ሲመጣበት ያለቅሳል፣ ሲሄድለት ያርፋል። በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ግንባቸውን ካሠሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ረጋ ቢልም፣ ኋላ ደግሞ ደብረ ታቦር፣ መቅደላ፣ መቀሌ፣ አንኮበር፣ እንጦጦ እያለ መዞሩን ቀጠለ። አዲስ አበባ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዕጣዋ እንደ ቀደሙት ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ማገዶ ጠፋና በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ ወዲያ ከተማው ተነቅሎ ወደ እህሉና ወደ እንጨቱ መሄዱ ቀረ፤ እህሉም እንጨቱም ሰውም ወደ ከተማው ይጓዝ ጀመር። ቀድሞ ከተማው በሀገሩ ይዞር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሀገሩ በከተማው ዙሪያ ይዞራል።

ምን ያህል እንደሚዞርም ቍጥሩ ይነግረናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በአዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ሲገኝ፣ በሁለተኛነት የምትከተላት የድሬዳዋ ከተማ 230 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። ልዩነቱ ከዐሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ለአንዱ ልጅ ዐሥር እንጀራ፣ ለሌላው አንድ እንጀራ ቢቀርብ፣ የቀሩት ልጆች ወደ ማን ትሪ እንደሚያዩ መጠየቅ አያስፈልግም። ሚኒስቴሮቹ፣ የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ኤምባሲዎቹ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወራሽ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት፣ ሁሉም በዚችው በአንዲት ከተማ ናቸው። ዋና ከተማ ናትና ከዚህ አብዛኛው ተገቢ ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ከሩቅ ወረዳ አንዲት ማኅተም ፍለጋ ተነሥቶ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» የሚባል ባለ ጉዳይ ያላየ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ የለም። ያ ባለ ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመላለስ በከተማ የሚያሳድረው ዘመድ ይፈልጋል፤ ዘመድም ካገኘ በኋላ ልጁን ከዘመዱ ዘንድ ቢተው ይሻለዋል ብሎ ያስባል። ፍልሰት የሚባለው ነገር ከሚጀምርባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው፤ በሩንም የከፈትነው እኛ እንጂ ገበሬው አይደለም።

አሁን ወደ ሐሜተኛው እንመለስ። ወጣቱን «ገጠር ግባ፤ እርሻ ክቡር ነው» እያለ የሚመክረው ሹም ለራሱ የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? የሐኪም ወረቀት ያወጣል፤ የባለቤቱን ሥራ፣ የልጆቹን ትምህርት ያነሣል፤ አማላጅ ይልካል። የልጆቹ ነገር እውነተኛ ምክንያት ስለ ሆነ አንፈርድበትም። ግን ለእርሱ ልጆች የማይበቃ የወረዳ ትምህርት ቤት ለገበሬው ልጅ እንዴት ሊበቃ ይችላል? ገበሬውስ ለልጁ ቢያስብ ስለ ምን ጥፋተኛ ይባላል?

ከዚህም የከፋ አለ። አንድ ሠራተኛ ያጠፋ እንደ ሆነ «ወደ ጠረፍ ይዛወር» ሲባል እንሰማለን። ይህ ለሠራተኛው ቅጣት ተብሎ የታሰበ ነው። የጠረፉ ሕዝብ ግን ምን አጥፍቶ ነው ሰነፉ መምህርና ጉቦኛው ጸሓፊ የሚላክበት? በአዲስ አበባ የማይታመን ሰው በቦረና ወይም በመተከል የሚታመንበት ምክንያት ምንድን ነው? የሀገርን አብዛኛውን ክፍል እንደ እስር ቤት ቈጥረን ጥፋተኛ ከላክንበት በኋላ፣ ከዚያ የሚያመልጠውን ወጣት «ሀገሩን የማይወድ» ማለት አይገባንም። ተማሪ ደግሞ ከሰሌዳው ይልቅ መምህሩን አይቶ ይማራል። መምህሩ ስለ ሀገር ፍቅር እያስተማረ በኪሱ የዝውውር ማመልከቻ እንደ ያዘ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ እርሱ በገባ በዓመቱ የሚሸሸውን ወረዳ እነርሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኖሩበት ዘንድ ሲመክራቸው አይሰሙትም።

የከተማው ኑሮ ክፉ ነው ለሚለው ነገር፣ ክፋቱን አንክድም፤ ማን እንደሚሸከመው ግን መለየት ያስፈልጋል። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ እንደሚባለው፣ በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ መንገድ ተዘጋብኝ የሚለው ሰውና ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ለአውቶቡስ የምትሰለፈው ጽዳት ሠራተኛ በአንድ ቃል ያማርራሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ጥቂት አሳርፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ሥራው ከከተማው መካከል የሆነ ሰው በዝቶ፣ ወረፋው እንደ ገና ረዘመ። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በሚባለው መጣያ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በየቀኑ ጧት ከየበራችን እንዲነሣልን የምንሰጠው ጥራጊ ለብዙ ዐሥር ዓመታት እዚያ ሲከመር ኖሮ፣ በመጨረሻ በሥሩ ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩት ላይ ወደቀ። ስለ ዋና ከተማ ጉዳት ሲነገር እኛ በመጀመሪያ የምናስበው እነርሱን ነው፤ በሻይ ሰዓት ግን ስማቸው አይነሣም።

ሐሜተኛው ጎረቤት ጠፋ ሲል እውነት ይናገራል። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ በቀበሌ ቤት በትንሽ ኪራይ የሚኖረው ድኻ በመካከለኛው ከተማ ከባለጠጋው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይኖር ነበር፤ አንዱ የሌላውን ድንኳን ይተክላል፣ አስከሬንም በአንድነት ይሸኛል። ልደታ በየጊዜው ሲፈርስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሡ፣ ነዋሪው ወደ ዳርቻው ተዛወረ። ቤቶቹ ያረጁ፣ ብዙዎቹም ደኅና መጸዳጃ እንኳ ያልነበራቸው ናቸውና ለግድግዳቸው አናለቅስም። ዕቃ በጭነት መኪና ይጫናል፤ እድር ግን አይጫንም። በሰፈርዋ ለሠላሳ ዓመት በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ ስትቸረችር የኖረች እናት፣ ሲቸግራት ዱቤ የሚሰጣት፣ ስትታመም የሚጠይቃት ሰው በአዲሱ ፎቅ ላይ ማን እንደ ሆነ ገና አታውቅም። (በግ ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣትም ለበዓል ሌላ ፈተና እንደ ሆነ የሞከሩት ያውቃሉ።) ጎረቤት ጠፋ እያለ የሚያዝነው ሰው፣ ያች እናት ስትነሣ እድርዋ አብሮአት እንዲነሣ፣ ጎረቤታሞችም በአንድ ሕንፃ እንዲመደቡ ጠይቆ ያውቃልን?

«ምን ይደረግ? ዛሬ ከአርባ የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፍተዋል፤ ወጣቱ እንጂ መንግሥት አልተኛም» የሚሉን አሉ። መልካም ነው፤ የተደረገውን አንሽርም። ነገር ግን በሚዛን ወይም በደብረ ታቦር ተምሮ የተመረቀ ልጅ ሥራ ሲፈልግ የት ሄደ? አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ እየወሰደ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ለዓመታት አይተነው የለምን? ትምህርቱ ወደ ክልሉ ሲሄድ ሥራው አዲስ አበባ ቀረ፤ ልጁም ሥራውን ተከትሎ መጣ። ሌሎች ደግሞ በቍጣ «እየጫኑ ወደ መጡበት መመለስ ነው» ይላሉ። የተመለሰው ሰው የሚያገኘው ትቶት የሄደውን ነገር ነው፤ ስለዚህ እንደ ገና ይመጣል፤ በሁለተኛውም ጊዜ መንገዱን ከፊተኛው ይልቅ ያውቀዋል።

እኛ የምንጠይቀው ወጣቱን ሳይሆን ሹሙን ነው። በጠረፍ ወረዳ አምስት ዓመት ያገለገለ መምህር ወይም ሐኪም በዋና ከተማ ከተቀመጠው ቀድሞ ዕድገት ያግኝ፤ ሲላክም ቤትና አበል ተዘጋጅቶለት፣ መመለሻ ቀኑ ተቈርጦለት ይላክ። ጥፋተኛ በሕግ ይቀጣ እንጂ በሕዝብ ላይ አይጣል። በወረዳና በዞን ሊፈረም የሚችል ወረቀት ሁሉ በዚያው ይፈረም። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነትም ነው። «ሁሉም በየሀገሩ ቢቀመጥ» የሚለው ሰው ግን ዛሬውኑ ያለ በጀትና ያለ ደንብ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በበሩ ላይ ከጧት ጀምሮ ፋይሉን ታቅፎ የቆመውን ባለ ጉዳይ ነገ ይምጡ ሳይል ቢፈርምለት፣ ሰውዬው በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡሱን ይዞ ወደ ሀገሩ ይመለስ ነበር።