የመሐንዲሱ ሶፍትዌር የት ይቀመጥ? ሙግት ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር

የምህንድስና ተማሪ የሚማርባቸው ሶፍትዌሮች በኢንተርኔት ይቅረቡለት ወይስ በግቢው ማሽኖችና በራሱ ላፕቶፕ ላይ ተጭነው ያለ ኔትወርክ ይሥሩ? የመጀመሪያው ጸሐፊ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ የምህንድስና መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ አንኮበር ያደጉ ሲቪል መሐንዲስ ናቸው።

ለሁሉም የሚበቃው ኦንላይኑ ነው

ከሒሳብ ልነሳ። አንድ የኮምፒዩተር ላብ የሚሠሩ 40 ማሽኖች አሉት እንበል፤ የሚጠቀሙበት 240 ተማሪዎች ናቸው። ላቡ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢከፈት 1,600 የማሽን ሰዓት ይገኛል። ለአንድ ተማሪ ሲካፈል 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ሶፍትዌር የሚፈልጉ አምስት ኮርሶች ካሉበት ለእያንዳንዱ ኮርስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህም መብራት ካልጠፋ፣ ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ካልቀረ፣ ከማሽኖቹ ግማሹን ቫይረስ ካልበላቸው ነው። በሳምንት በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የምሰሶና የወለል ጭነት ማስላት የለመደ ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

ማሽን ይጨመር፣ ላይሰንስ ይገዛ የሚለው መልስ በአፍ ቀላል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የኮምፒዩተሩም የላይሰንሱም ዋጋ በዶላር ስለሆነ ትናንት 40 ማሽን ይገዛ የነበረው በጀት ዛሬ 20ውን መግዛት ይከብደዋል።

በሌላ በኩል አውቶካድን የሚሠራው አውቶዴስክ ሶፍትዌሩን ለተማሪና ለመምህር በነጻ ይሰጣል። ፈቃዱ የአንድ ዓመት ነው፤ ሰውየው ተማሪ እስከሆነ ድረስ በየዓመቱ ይታደሳል። የሚጠይቀው የተማሪነት ማረጋገጫና በ30 ቀን ውስጥ አንዴ ብቻ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ነው። ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣ ጀምሮ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2003 ሰባት የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶቻቸውንና የባንጋሎሩን የሳይንስ ኢንስቲትዩት አስተባብረው ኤንፒቴል የሚባለውን የምህንድስና ትምህርት በቪዲዮ ማቅረብ ጀመሩ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ዶርም ውስጥ አልጋው ላይ የተቀመጠ ልጅ የማድራሱ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ስለ ፈሳሽ ፍሰት ሲያስረዳ ይሰማል። ይህን የሚሰጠው የትኛው ሃርድ ዲስክ ነው?

ሀገራችንም ወደዚያው እየሄደች ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የተሰጠው በኮምፒዩተር ነው። ከተፈተኑት 150 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው። ሁሉም በሶፍትዌር እጦት ወደቁ አልልም፤ ከማሽን ጋር ሳይተዋወቅ አራትና አምስት ዓመት ያሳለፈ ተማሪ ግን ፈተናው ፊት እኩል ተቀመጠ ማለትም አልችልም። ትምህርት ሚኒስቴርም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርትን ለማስፋፋት እየሠራ ነው።

አሁን ተማሪውን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም በየሴሚስተሩ ስለማየው እናገራለሁ። ብዙ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ስም የተከፈተ ኢሜይል የለውም። ስለዚህ ነጻውን ፈቃድ ለማግኘት መታወቂያውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለአውቶዴስክ ይልካል። በመታወቂያው ላይ ያለው ስምና በአካውንቱ ያስገባው ስም በአንድ ፊደል ከተለያዩ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም፤ የከተማችን ስም እንኳ «ብርሃን» የሚለው በሁለት ዓይነት ይጻፋል። ልጁ ሁለት ጊዜ ይሞክራል፣ ሦስተኛው ላይ ይተወዋል። መፍትሔው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ተማሪው በተመዘገበበት ሳምንት ኢሜይል ይከፈትለት፤ ስሙ በመታወቂያ፣ በሬጅስትራርና በአካውንት አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ የመጀመሪያው የላብ ክፍለ ጊዜ ለሎጂን ብቻ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከሀገሪቱ ሕዝብ ኢንተርኔት የሚጠቀመው 19.4 በመቶ እንደነበር አውቃለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ከዚያ ውስጥ ያለ ተጠቃሚ ነው። ተጠቃሚው ዝግጁ ነው፤ የጎደለው አሠራሩ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው ልጅ

አንኮበር ውስጥ ጎረቤላ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ሲወርድ ያያል። ታች አልዩ አምባ አለች፤ ከእሷ ወዲያ ቆላው፣ ከዚያም አፋር ነው። ያደግሁት ከላይ፣ አንኮበር ነው። አንኮበር የሚያድግ ልጅ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ታሪክ ከትምህርት ቤት በፊት ከሽማግሌ ይሰማል፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት የኢልግን ነበር። አልፍሬድ ኢልግ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ያን በረሃ አቋርጦ፣ ያን ዳገት ወጥቶ አንኮበር ገባ፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይም ምኒልክን አገለገለ። በኋላም የጅቡቲው ባቡር ውል ላይ ስሙ አለበት። ከዚህ ታሪክ በልጅነቴ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ እውቀት ሰው ወዳለበት ይወጣል። ተራራ ላይ ያለውን ሰው «አንተ ውረድ» አይለውም።

አሁን የምነግራችሁ የታናሽ ወንድሜን ነው። ስሙን አልጠራም፤ የተማረበትንም ግቢ አልጠራም። እናታችን ሁለት በጎችና የዓመት ቅቤዋን ሸጣ፣ እኔም ጨምሬበት ላፕቶፕ ገዛንለት። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቤት መጥቶ የትንሽ ድልድይ ንድፍ ይሠራ ነበር። ድልድዩ የትምህርት ቤት ልምምድ ብቻ አልነበረም፤ በልጅነታችን ክረምት በመጣ ቁጥር የምንፈራትን ወንዝ መርጦ፣ ስፋቷን በገመድ ለክቶ ነው የጀመረው። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ንድፉን የሚሠራበት ሶፍትዌር ሎጂን ጠየቀው። ኔትወርክ የለም። በማግስቱም ጠየቀው፤ ኔትወርክ የለም። ፋይሉ የራሱ ነው፣ ላፕቶፑ የራሱ ነው፣ ወንዟም የራሱ ናት፤ ድልድዩን ግን መክፈት አልቻለም። ማታ ማታ ወረቀት ዘርግቶ ከጭንቅላቱ የሚያስታውሰውን ልኬት ሲጽፍ አየሁት። እናቴ «ተበላሸብህ?» ስትለው «አልተበላሸም፣ ተዘግቶብኝ ነው» አላት። ለእሷ ይህ አልገባትም። ለእኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። በእናቴ ጓዳ ያለ ነገር ሌላ ሰው በሩቅ ቆልፎባት አያውቅም።

በመጨረሻ ምን አደረገ? ከጓደኛው በፍላሽ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረውን ሶፍትዌር አመጣ። እኔ ክራክን አልደግፍም፤ የሰው ድካም መውሰድ ነው፣ ስርቆት ነው። ግን እኛ ነን ስርቆትን ያስተማርነው። ሐቀኛ ሆኖ ተመዝግቦ፣ መታወቂያውን ልኮ፣ ፈቃድ ያገኘው ልጅ ሥራው ተዘጋበት፤ የሰረቀው ጓደኛው ግን ሥራውን ቀጠለ። ለሃያ ዓመት ልጅ ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ሌላ መንገድ አለ፣ ውድም አይደለም። ለንድፍ ፍሪካድ አለ፣ ለሰርኪዩት ኪካድ አለ፣ ለስሌት ኦክታቭ አለ፤ ኦክታቭ አብዛኞቹን የማትላብ ትእዛዞች ይረዳል። ሁሉም በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ በፍላሽ ይዞ መጫን ይቻላል፤ ሎጂን አይጠይቁም፤ ፈቃዳቸው በወር አያልቅም። ለቪዲዮውና ለማስታወሻው ደግሞ በግቢው ውስጥ አንድ ሰርቨር ይቁም፤ የውጭው መስመር ቢቋረጥም ከዶርም እስከ ላብ ይሠራል። ተማሪው ለክረምት ሲወጣ ገልብጦ ይሂድ። ጎረቤላም ይሂድ፣ አልዩ አምባም ይውረድ፣ ትምህርቱ አብሮት ይሂድ።

የመምህሩ መልስ

እኅቴ የኢልግን ታሪክ በፍቅር ጽፈዋል፤ ምሳሌነቱ ግን አልተዋጠልኝም። ኢልግ ለአንድ ንጉሥ የመጣ አንድ መሐንዲስ ነው። እኛ የምናወራው በየዓመቱ ስለሚገቡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ነው። መንግሥት 70 በመቶው ተማሪ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ይመደብ ያለ ጊዜ ጥያቄው የብዛት ጥያቄ ሆነ። ለብዛት ደግሞ ዳገት የወጣ አንድ ሰው አይበቃም።

«እኛ ነን ስርቆትን ያስተማርነው» የሚለው ቃል አሳዝኖኛል። እኔ መምህር ነኝ። በክፍሌ ክራክ ይዞ የመጣ ተማሪ ሥራው አይታረምለትም፤ ይህን ሁሉም ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ነጻ ፈቃድ እንዲያገኙ ኢንተርኔት ካፌ ድረስ ሄጄ አብሬያቸው የተቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው። «እኛ» ሲባል እኔንም ይጨምራልና ልቀበለው አልችልም።

የኔትወርኩ መቋረጥ ከባድ መሆኑን አልክድም። መንገድ ስለተዘጋ ግን መኪና ይቅር አይባልም። የሥራ ማስታወቂያዎችን ያንብቡ፦ አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሶሊድወርክስ ይላሉ። ፍሪካድ የሚል ማስታወቂያ አላየሁም። የወንድምዎ ዓይነት ልጅ ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ሲጠይቅ የሚፈተነው በእነዚህ ነው።

የመሐንዲሷ መልስ

መምህር፣ ስለ ክፍልዎ የጻፉትን አምናለሁ፤ እንደ እርስዎ ያሉ መምህራን ቢበዙ ደስታዬ ነው። ግን ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ የነሱኝ ሁለት ቃላት አሉ።

አንዱ «ተጠቃሚ» ነው። ወንድሜ ተጠቃሚ አይደለም። ተማሪ ነው። ተጠቃሚ የሚለው ቃል ከኩባንያው ነው የመጣው፤ ኩባንያ ተጠቃሚን ይቆጥራል፣ ይመዘግባል፣ ደንብ ሲጎድል ያስወጣል። መምህር ተማሪን እንዲህ አያደርግም፤ ሲጠፋበት የት ደረስክ ብሎ ይጠይቃል። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን በቃሉ አስይዞ ነው የሚሸኘው። ልጁ ከየኔታ ርቆ ሌላ አገር ቢሄድም የተማረው በቃሉ ነው፤ ማንም መጥቶ አይዘጋበትም። ይህን የኖርነው እኛ ነን፣ ከማንም አልተዋስነውም፤ ስለ ሶፍትዌር ሲሆን ለምን እንረሳዋለን?

ሁለተኛው «አንዴ ብቻ» ነው። በ30 ቀን አንዴ ብቻ። እዚህ አገር «ብቻ» የሚባል ኔትወርክ የለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የሀገሪቱ ኢንተርኔት በሙሉ ሲቋረጥ ለሳምንታት አልተመለሰም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ተዘግተው ነበር፤ አምስት ወር። የማድራሱ ፕሮፌሰር ያን ጊዜ ለዶርሙ ልጅ የት ይገኝለት ነበር? ያ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሄደ። ይህ በአሥር ዓመት አንዴ የደረሰ አይደለም፤ ወንድሜ በተማረበት ጊዜ ውስጥ በተደጋጋሚ የደረሰ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነ አስተዋይ ሰው በቤቱ ስንቅ ያስቀምጣል።

የሥራ ማስታወቂያውን አንብቤአለሁ፤ እኔም ተቀጥሬአለሁ። ምሰሶ እንዴት እንደሚሸከም የገባው ሰው አውቶካድን በአንድ ወር ይለምዳል። ምሰሶው ያልገባው በአውቶካድ የሚያምር ስህተት ይሥላል፤ እንዲህ ያለውን ሥዕል ሳይት ላይ በእጄ አርሜአለሁ።

ለየትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልለምን። ኢሜይሉን ክፈቱላቸው፣ መምህሩ ያሉትም ይደረግ፣ አልጠላውም። ነገር ግን ዘንድሮ ተማሪዎቹ ለክረምት ከመውጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት ላቡን ክፈቱና እያንዳንዱ ልጅ ሶፍትዌሩን፣ ማስታወሻውንና ቪዲዮውን ገልብጦ ይሂድ። ፍላሽ የሌለው ልጅ ካለ ከግቢው ይሰጠው።